የሐኪሞች መምህር ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ (1920 – 1991 ዓ.ም.)

ከወልድያ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ወደ ላሊበላ በሚገነጠልበት ስፍራ የምትገኘው ጋሸና በ3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የሰሜን ወሎ ደጋማ ከተማ ናት። ወደ ቅዱስ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚጓዝ ምእመን፣ ወደ ወልድያ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ፣ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር የሚያቀና መንገደኛ ሁሉ በዚህች መገንጠያ ያልፋል። በዚያው መንገድ ሕመምተኛም ያልፋል። በቀበሌው ጤና ኬላ ያልተቻለው ሕመም ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ያልቻለው ወደ ወልድያ፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። የሁሉም መጨረሻ በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው።

ዛሬ ሕመምተኛው በእነዚህ ሆስፒታሎች ሁሉ በአገሩ የተማረና ቋንቋውን የሚያውቅ ሐኪም ያገኛል። ይህ እንደ ተራ ነገር ቢቆጠርም ከአንድ የሰው ዕድሜ ብዙም ባልራቀ ጊዜ በአገሪቱ የሕክምና ዶክተር የሚያስመርቅ አንድም ተቋም አልነበረም። ሁኔታውን ለመለወጥ ከደከሙት ግንባር ቀደም ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ የቀዶ ሕክምና ሊቁ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ናቸው።

ፕሮፌሰር አስራት በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ተወለዱ። በዚያ ዘመን በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነርሱ ቀዳሚ የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ሙያው የገቡት በአገር ፈቃድና ዕቅድ አልነበረም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሰዉ ያለ ወላጅ የተገኙት ሕፃኑ ወርቅነህ በአንድ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ወደ ህንድ ተወሰዱ። የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ጠረፍ የተመለሰው ደላንታን ተሻግሮ፣ ከጋሸና አጠገብ በተንጣለለው የዋድላ ደጋና በላስታ ምድር አድርጎ ነበር። ሕፃኑ በህንድ አድገውና የሕክምና ትምህርታቸውን በላሆር አጠናቀው ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ሐኪሟን ያገኘችው በጦርነት አጋጣሚ መሆኑ ብቻውን የችግሩን ጥልቀት ያመለክታል። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሐኪም ደግሞ ከአጋጣሚ መጠበቅ አይቻልም ነበር።

የአስራት የልጅነት ዘመንም ከሐዘን የራቀ አልነበረም። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ መወርወሩን ተከትሎ በተፈጸመው ጭፍጨፋ አባታቸው አቶ ወልደየስ አልታዬ ተገደሉ። እናታቸው ወይዘሮ በሰልፍ ይዋሉ ጽጌም ከባለቤታቸው ሞት በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። አያታቸው ቀኛዝማች ጽጌ ወረደ ወርቅ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ኢትዮጵያውያን ወደ ኢጣልያ ተግዘው ስለነበር ልጁ በአንድ ጊዜ አባትና እናት አጡ፤ አያታቸውም በግዞት ራቋቸው። ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው በቀሩበት በዚያ የመከራ ዘመን አስራት ለትምህርት የነበራቸው ፍቅር አልቀዘቀዘም።

ወራሪው ጦር በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ አገሪቱ ነፃነቷን ስትጎናጸፍ አስራት ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ የነበሩት እነዚያው ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። የመጀመሪያው ሐኪም ባደራጁት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው የቀዶ ሕክምና ሊቅ መማራቸው፣ የአንዱ ትውልድ ድካም ለሚቀጥለው ትውልድ መነሻ እንደሚሆን ያሳያል።

አስራት በትምህርታቸው ብልጫ በማሳየታቸው ወደ ውጭ አገር ከተላኩት የመጀመሪያዎቹ የድኅረ ነፃነት ተማሪዎች መካከል አንዱ ለመሆን በቁ። በጦርነቱ አገሪቱ ከተማሩ ልጆቿ ብዙዎቹን አጥታ ስለነበር የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ክፍተቱን ለመሙላት ወጣቶችን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች መላክ የጀመረበት ወቅት ነበር። አስራት በግብፅ እስክንድርያ በሚገኘው የቪክቶሪያ ኮሌጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ተሻግረው በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ።

ኤደንብራ ለሕክምና ተማሪ ከመማሪያ ክፍልነት ያለፈ ትርጉም ያላት ከተማ ናት። በዚያ የሚገኘው ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1505 ሲሆን፣ በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ የሐኪሞች የሙያ ማኅበራት አንዱ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ሥርዓት ለቀዶ ሕክምና ብቁ የሆነውንና ያልሆነውን የሚለዩት ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ፈተናውን ያወጣሉ፤ የሙያውን ደረጃ ይጠብቃሉ፤ ከሥነ ምግባር የወጣውን ያርማሉ፤ ታናናሾቻቸውንም ያስተምራሉ። የሐኪሞች ትምህርት ቤት ከሌለበት አገር ለመጣ ወጣት ሁለት ነገር በአንድነት መማሪያ ነበር። አንደኛው በሽተኛን ማከም ሲሆን ሁለተኛው ሙያን እንደ ተቋም ማቆም ነው። የፕሮፌሰር አስራት ቀሪ ዕድሜ በአብዛኛው ያለፈው በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው።

የሕክምና ዶክተር ሆነው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ለአምስት ዓመታት አገለገሉ። ሆስፒታሉ የተሰየመው በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው፣ አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ለተቀጩት ለንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነው። በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ የታወቀው ይኸው ተቋም ነው። በወቅቱ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሚሠሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ስለነበሩ ከባድ የቀዶ ሕክምና ሁሉ በእነርሱ እጅ ነበር። የውጭው ሐኪም ውሉን ጨርሶ ሲሄድ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ዶክተር አስራት ይህን በማየት ወደ ኤደንብራ ተመልሰው በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አደረጉ። በምዕራቡ ዓለም ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት በመሆንም ይታወቃሉ።

ያን ጊዜ ለአንድ ወጣት ስፔሻሊስት በአውሮፓ መቆየት ጥሩ ኑሮና ሰፊ ዕድል ነበረው። እርሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በአገር ውስጥም ቢሆን የግል ክሊኒክ ከፍቶ ባለጸጋ መሆን ይቻል ነበር። የመረጡት ግን የመንግሥት ሆስፒታልንና የማስተማሪያ ክፍልን ነበር።

በዚያ ዘመን አገሪቱ የጤና ባለሙያ ለማፍራት የወሰደችው ዋነኛ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። የሕክምና ዶክተር ለመሆን የሚፈልጉ ተማሪዎች ግን ውጭ አገር መሄድ ነበረባቸው። ይህ አሠራር ወጪው ከባድ ሲሆን፣ ከሄዱትም ሁሉም አይመለሱም ነበር። በተጨማሪም የሚማሩት የሌላውን አገር በሽታ እንጂ በደጋው የሚጥለውን ተስቦና ሳንባ ምች፣ በቆላው የሚገድለውን ወባ፣ በየገጠሩ እናቶችን የሚቀጥፈውን የወሊድ ችግር አልነበረም።

በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1964 በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ዶክተር አስራት ከመሥራቾቹ መካከል ሆኑ። ፋኩልቲውን ማቋቋም ሕንፃ ከመክፈት በላይ ብዙ ሥራ ይጠይቅ ነበር። ሥርዓተ ትምህርት መቅረጽ፣ የውጭ መምህራንን ማፈላለግ፣ ተማሪዎች የሚለማመዱባቸውን ሆስፒታሎች ማስማማት፣ የፈተናውን ደረጃ መወሰን ነበረበት። አስራት የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር፣ በኋላም የፋኩልቲው ዲን ሆነው ሠርተዋል። በልዑል መኮንን ስም የልዑል መኮንን መታሰቢያ ሆስፒታል ተብሎ የተሠራውና ከአብዮቱ በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው ታላቅ ሆስፒታል የፋኩልቲው ዋና የማስተማሪያ ማዕከል ሆነ።

የቀዶ ሕክምና ትምህርት በመጽሐፍ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ ጎን ቆሞ ማየት፣ ከዚያ መርዳት፣ ከዚያም በመምህሩ ዓይን ሥር ራሱ መሥራት አለበት። ስለሆነም አንድ መምህር በአንድ ጊዜ ሊያሠለጥን የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ይሁንና እነዚያ ጥቂቶች በተራቸው ጥቂቶችን ሲያሠለጥኑ ቁጥሩ እየበዛ ይሄዳል። የፕሮፌሰር አስራት የሙያ ስሌት በዚህ ላይ የተመሠረተ ነበር። አንድ ቀዶ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ቢሠራ የሚያድነው ሰው ውሱን ነው፤ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያፈራ ትምህርት ቤት ግን መሥራቹ ካለፈ በኋላም ያድናል።

የሙያ ማኅበራት ጉዳይም የዚሁ ጥረት አካል ነበር። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የማኅበሩ የሕክምና መጽሔት መታተም ጀመረ። ሐኪሞች በየሆስፒታላቸው የሚያዩትን በሽታ ጽፈው ለባልደረቦቻቸው የሚያካፍሉበት መድረክ በዚህ መንገድ ተፈጠረ። ፕሮፌሰር አስራት የዚህ ማኅበር አባል ከመሆናቸውም ሌላ የምሥራቅ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባልም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው ይህ አካባቢያዊ ማኅበር፣ በጥቂት ባለሙያዎች ብዙ ሕዝብ የሚያክሙ የጎረቤት አገሮች ሐኪሞች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡ ያደርግ ነበር። ከዚሁ ማኅበር የወጣው የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1999 ናይሮቢ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ኢትዮጵያም አባል ናት። አስራት በወጣትነታቸው በኤደንብራ ያዩት ዓይነት የሙያ ኮሌጅ በአፍሪካ ምድር የቆመው እርሳቸው ባረፉበት ዓመት መሆኑ የሚያስደንቅ ገጠመኝ ነው።

የሙያ መሪነት በጉባኤ ከመሰየም ይልቅ በፈተና ሰዓት የሚለካበት ጊዜ አለ። ፕሮፌሰር አስራት ከንጉሠ ነገሥቱ የግል ሐኪሞች አንዱ ነበሩ። በነሐሴ 1967 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ የጤና ችግር ማረፋቸውን ባስታወቀ ጊዜ፣ ሐኪማቸው መግለጫውን አልተቀበሉም። ያ ዘመን ከመንግሥት ቃል የተለየ ቃል መናገር ሕይወት ሊያስከፍል የሚችልበት ነበር። ይሁን እንጂ ሐኪም ስለ በሽተኛው አሟሟት ሐሰት ካረጋገጠ ከዚያ በኋላ የሚፈርመው የሕክምና ወረቀት ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዓመታት በኋላ በደርግ ባለሥልጣናት ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ንጉሠ ነገሥቱ መገደላቸው ተገልጧል።

በደርግ ዘመን ብዙ ሐኪሞችና መምህራን ከአገር ተሰደዱ። ሆስፒታሎች በጦርነት ቁስለኞች ተጨናነቁ፤ መድኃኒትና መሣሪያ አጠረ። ፕሮፌሰር አስራት በአገራቸው ቆይተው ማስተማሩንና ማከሙን ቀጠሉ። በዚህ አስቸጋሪ ጊዜ ሁለት ትልልቅ እርምጃዎች ተወስደዋል። የመጀመሪያው በ1970 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር የሕክምና ዶክተሮች ሥልጠና መጀመሩ ሲሆን፣ ይህም ለላስታና ለአካባቢው ደጋ የቀረበ የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲኖር አድርጓል። ሁለተኛው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባው ፋኩልቲ በቀዶ ሕክምና፣ በውስጥ ደዌና በሌሎችም ዘርፎች የስፔሻሊስት ሥልጠና በአገር ውስጥ መጀመሩ ነው። አንድ ሐኪም ስፔሻሊስት ለመሆን እንደ አስራት ወደ ኤደንብራ መሻገር የማያስፈልገው ጊዜ መጣ።

የደርግ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የፕሮፌሰር አስራት ሕይወት ወደ ሌላ አቅጣጫ አመራ። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ በአዲስ አበባ በተካሄደው የሽግግር ጉባኤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተወካይ ሆነው ተገኙ። የኤርትራን መገንጠልና የአገሪቱን የወደፊት አወቃቀር በሚመለከት ከአብዛኛው ጉባኤተኛ የተለየ አቋም አራመዱ። በጥር 1984 ዓ.ም. የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት ሲመሠረት ሊቀ መንበር ሆኑ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ደግሞ ከ40 በላይ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥራ ሲሰናበቱ እርሳቸውም አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት ተቋም በር ተዘጋባቸው። በፖለቲካ መድረክ የያዙት አቋም ደጋፊም ተቃዋሚም ነበረው፤ ዛሬም ያከራክራል። ከማስተማሪያ ክፍሉና ከቀዶ ሕክምናው ክፍል የጎደለው ግን ለሁሉም ወገን ሕመምተኛ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነበር።

ከዚህ በኋላ በደብረ ብርሃን በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ካደረጉት ንግግርና ከሌሎች ስብሰባዎች ጋር በተያያዘ አመጽ በማነሣሣት ተከሰሱ። ከሰኔ 1986 ዓ.ም. ጀምሮም በተከታታይ በተሰጡ ፍርዶች ታሰሩ። ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾች የኅሊና እስረኛ ናቸው በማለት እንዲፈቱ ሲጠይቁ ቆይተዋል። ፕሮፌሰሩ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጉ በነበሩበት በዚያ ጊዜ የልብ ሕመምና የስኳር በሽታ ጸናባቸው። ብዙዎችን ከሞት አፋፍ የመለሰው እጅ አሁን ራሱ የሐኪም እጅ ፈለገ።

ለልባቸው የሚያስፈልገው ሕክምና በአገር ውስጥ አልነበረም። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የውስጥ ደዌ ሐኪሞችና ጥቂት የልብ ስፔሻሊስቶች ቢኖሯትም የተሟላ የልብ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥበት ማዕከል አልነበራትም። አቅም ያለው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ አቅም የሌለው በቤቱ ሆኖ ዕጣውን ይጠብቃል። ፕሮፌሰር አስራት በሽታቸው ከጠናና በእስር ላይ ሆነው በሆስፒታል ለወራት ከቆዩ በኋላ በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ከአራት ዓመት ተኩል ገደማ እስር ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ። በአሜሪካ ሕክምና ቢደረግላቸውም ሊድኑ አልቻሉም። ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ወደ አገራቸው ተመልሶ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ተቀበረ።

የፕሮፌሰር አስራት አሟሟት፣ ያቆሙት ተቋም ምን ያህል እንደራመደና ምን ያህል እንደቀረው በአንድነት የሚያሳይ ነው። በአገሪቱ የቀዶ ሐኪም ማፍራት ተችሎ ነበር፤ የልብን በር የሚከፍት ሕክምና ግን ገና አልተደረሰበትም ነበር። ይህ ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የድኻውን ልጅ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሕፃናትንና ወጣቶችን ከሚያጠቁት የልብ ሕመሞች ዋነኛው ከጉሮሮ ቁስለት የሚነሳው ነው። በጀርም የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ የመገጣጠሚያ ትኩሳት ሊያስከትልና በሂደት የልብን ቫልቮች ሊያበላሽ ይችላል። ቤተሰብ በአንድ ጎጆ ተጠጋግቶ በሚያድርበት ብርዳማ አገር ጀርሙ ከልጅ ወደ ልጅ በቀላሉ ይተላለፋል። ልጁ መጀመሪያ ጉንፋን የያዘው ይመስላል፤ ከጊዜ በኋላ ግን ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ እግሩ ያብጣል። ቫልቩ አንዴ ከተጎዳ ቀዶ ሕክምና እንጂ ክኒን ብቻ አይመልሰውም።

ይህን ችግር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ተነሳሽነት ተመሠረተ። ድርጅቱ በመጀመሪያ ሕፃናትን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር። የድርጅቱ የልብ ሕክምና ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በሩን የከፈተው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ማዕከሉ ፕሮፌሰር አስራት ባረፉ በአሥረኛው ዓመት፣ እርሳቸው ባስተማሩበት ግቢ መከፈቱ አንድ ተቋም እንዴት ሌላውን እንደሚወልድ ያሳያል። ለማዕከሉ ሐኪሞችና ነርሶች ሥልጠና መሠረት የሆነው ለዓመታት የተገነባው የሕክምና ትምህርት ነው።

ሥራው ከአንድ አገር ወሰንም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የተመሠረተው የመላው አፍሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በአዲስ አበባ ባለሙያዎችን ሰብስቦ፣ ከጉሮሮ ቁስለት የሚመጣውን የልብ ሕመም ከአህጉሪቱ ለማጥፋት የሚያስፈልጉ ሰባት ተግባራትን የያዘ የአቋም መግለጫ አወጣ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ፕሮፌሰር ቦንጋኒ ማዮሲ ለዚህ ሥራ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 አርፈዋል። በሽታውን መመዝገብ፣ ፔኒሲሊን ሳይቋረጥ እንዲገኝ ማድረግ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላትን በአህጉሪቱ ማቋቋም ከተግባራቱ መካከል ይገኛሉ። መግለጫው የአዲስ አበባን ስም ይዞ በሕክምናው ዓለም ይታወቃል። ሐኪሞች ተሰባስበው መንግሥታትን ወደ ተግባር ሲገፉ የሙያ ማኅበር ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም በተግባር ይታያል።

በአገር ውስጥም የፕሮፌሰሩ ስም ከሕክምና ትምህርት አልተለየም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በስማቸው ተሰይሟል። በደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያሠለጥናል፤ ወልድያም የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አማካይነት የሠለጠኑ ሴት ባለሙያዎች በየቀበሌው ተሰማርተዋል። ከእነዚህ አንዷ የጉሮሮ ሕመም የያዘውን ልጅ በጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ስትልከው፣ በጤና ጣቢያው ያለው ባለሙያም ተገቢውን መድኃኒት ሲሰጠው፣ ያ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ የልብ ሐኪም ፍለጋ አይሄድም። የተሻለው የልብ ሕክምና ይህ ነው።

አሁንም ከጋሸና መገንጠያ ተነስቶ የልብ ስፔሻሊስት ዘንድ ለመድረስ ብዙ ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከከተማም ወደ ውጭ የሚፈልሱበት ችግር አልተወገደም። ያም ሆኖ በፋሽስት ጭፍጨፋ አባቱን ያጣው የድሬዳዋ ልጅ በውጭ አገር የተማረውን ይዞ በመመለሱ፣ የሕክምና ትምህርት በአገር ምድር ሥር ሰድዷል። ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ካረፉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ የተማሪዎቻቸው ተማሪዎች ዛሬም ከበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመው ታናናሾቻቸውን ያስተምራሉ።